ኳሷ ከመድረሷ በፊት

ሊጉ አልቆ ክረምቱ ሲገባ እኛ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች ዕረፍት የለንም። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤተል እስከ ዓለም ባንክ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከዝናብ ያስጠለለ ካፌ ሁሉ የዝውውር ቢሮ ይሆናል። ማን ውሉን ጨረሰ? ማን ሊፈርም ነው? ማን ከፈረሰኞቹ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ጋር ተነጋገረ? ስም ይነሳል፤ ስሙን ተከትሎ የጎል ቁጥር ይመጣል። «አሥራ ሁለት አግብቷል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ክርክሩም በዚያው ይዘጋል።

ጎል የሚጠላ ደጋፊ የለም። ቁጥሩ ግን የሚነግረን ያለፈውን ዓመት ብቻ ነው። ማን እያቀበለው አገባ? በየትኛው አሠልጣኝ ሥር? ስንቱን በፍጹም ቅጣት ምት? ተጫዋች ማልያ ሲቀይር አብረውት የማይመጡ ብዙ ነገሮች አሉ። የትም ቢሄድ አብሮት የሚሄደው ሙያው ነው፤ ኳስ እንዴት እንደሚቀበል፣ ሰውነቱን ወዴት እንደሚያዞር፣ ከመቀበሉ በፊት ምን እንዳየ። ስለዚህ ለቡና ማን ይምጣ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከስም በፊት ስለ ሙያ ነው የምነግራችሁ።

አጠና ተራ ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን ይረዳኛል። ሥራውን የሚያውቅ አናጺ ክምሩን አይቶ አይገዛም። አንዱን አጠና ከጫፉ ያነሳል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በርዝመቱ ይመለከተዋል፣ እያዞረ ያየዋል፣ ጉብጠት ካገኘበት መልሶ ይጥለዋል። ክለባችን ተጫዋች ሲመርጥ እንዲህ ያለ ዓይን ቢኖረው ደስ ይለኛል።

የዓይን ነገር ከተነሳ፣ በአሜሪካ ቤዝቦል የታወቀ ታሪክ አለ። እዚያ ውድድሩ ሲያበቃ ክለቦች ተጫዋች በተጫዋች ይለዋወጣሉ፤ ደጋፊውም ማንን ሰጥተን ማንን እንውሰድ እያለ ወራቱን በክርክር ይገፋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ኦክላንድ አትሌቲክስ የተባለው ክለብ ከትልልቆቹ ጋር የሚወዳደርበት ገንዘብ አልነበረውም። ሥራ አስኪያጁ ቢሊ ቢን ሌሎቹ ችላ ያሉትን ሙያ ፈለገ፤ ኳስ በኃይል መትቶ ተመልካች የሚያስጮኸውን ትቶ፣ መጥፎ ውርወራ ሲመጣ ሳይነካ የሚያሳልፈውን፣ በትዕግሥቱ አንደኛው ቤዝ ላይ የሚደርሰውን። ያ ቡድን በዚያ ዓመት 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ በጠቅላላው 103 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ።

በእኛ አገር ተጫዋች በተጫዋች መለወጥ የተለመደ አይደለም። ውሉ ያልቃል፣ ተጫዋቹ ነፃ ይሆናል፣ ሄዶ ይፈርማል። ሆኖም ከዚያ ታሪክ የምንወስደው ነገር አለ። በ2011 ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲወሰን ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ተወራ፤ ፍትሐዊ ነው፣ አይደለም፣ ይሠራል፣ አይሠራም። እኔ የታየኝ ሌላ ነበር። ሁሉም ክለብ ወረቀት ላይ እኩል ከከፈለ የሚበላለጠው በዓይኑ ነው። ሌላው ያላየውን ሙያ ቀድሞ ያየ ክለብ ያተርፋል።

እንግዲህ ሙያ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይ። ሽመልስ በቀለን ውሰዱ። ለፈረሰኞቹ የተጫወተ ሰው ነው፤ እኔ ግን የቡና ደጋፊ ብሆንም አማካይ የምለካው በእሱ ነው። ከሐዋሳ ተነስቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ አልፎ፣ ሊቢያን አይቶ፣ ከዚያ ዓመታት በግብጽ ሊግ የቆየ ኢትዮጵያዊ ነው። የግብጽ ሊግ ጉልበት ያለበት ሊግ ነው፤ ሽመልስ ደግሞ በቁመትም በክብደትም ማንንም አያስፈራም። ታዲያ እንዴት ቆየ?

መልሱ ኳሷ እሱ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ባሉት ሁለት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ተከላካዩ ኳሷን ሊያቀብለው እግሩን ሲያነሳ ሽመልስ ኳሷን አያይም። አንገቱን ወደ ኋላ ያዞራል፣ በአንዱ ትከሻው በኩል አንድ ጊዜ፣ በሌላው በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ። ኳሷ ጉዞ ስትጀምር አንድ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይወጣል። ያቺ ግማሽ እርምጃ ዳሌውን ትከፍተዋለች፤ ጀርባውን ለተጋጣሚ ጎል ሰጥቶ የነበረው ሰው አሁን በጎኑ ቆሟል፣ ግማሹን ሜዳ ያያል። ከዚያ ኳሷን የሚቀበላት ቅርብ በሆነው እግሩ ሳይሆን በሩቁ ነው። በፊቱ ያሳልፋትና በሩቁ እግር ውስጠኛ ጎን ይነካታል፤ ቁርጭምጭሚቱ ልል ስለሆነ ኳሷ አትነጥርም፣ ስንዝር ያህል ተራምዳ ታርፋለች። ከኋላው እየሮጠ የመጣው ሰው ሲደርስ ኳሷ በሌላኛው ወገን ናት፣ መካከላቸው የሽመልስ ሰውነት አለ። ሳይጋፋ አመለጠ። ሁለተኛው ንክኪ ማቀበል ነው፤ ወዴት እንደሚያቀብል ደግሞ ገና ድሮ አይቶታል።

ይህን አንድ ሰው ሜዳ ላይ በአንድ ጨዋታ ሃምሳ ጊዜ ቢያደርገው የሚያጨበጭብለት የለም። ካሜራም አይደግመውም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ አንዱን ጎል ዳዋ ሆቴሳ፣ ሌላውን ሽመልስ አገባ፤ ሁላችንም ጎሉን እናስታውሳለን። እኔ ግን ያን ቀን ግብጾች ሲጫኑ ኳስ የምትሄድበት ሰው መኖሩን ነው የወደድኩት። ሰው ሲጨንቀው ኳስ የሚሰጠው ሰው ካለው ቡድኑ ይተነፍሳል። ክለባችን በክረምት አንድ ተጫዋች ብቻ የማስፈረም ዕድል ቢኖረው ያንን ተጫዋች ያምጣልኝ፤ በሁለቱም ትከሻው የሚያይ አማካይ።

ይህን የምለው የቡናን ታሪክ ስለማውቅም ነው። ከ1968 ጀምሮ ያለ ክለብ ነው፤ ደጋፊው በዋንጫ ብዛት የሚፎክር አይደለም። በ2003 በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ስናነሳ ኮልፌ ውስጥ የነበረው ጭፈራ አይረሳም፤ የካይሮውን አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ያስወጣንበትን 1990ንም ትልልቆቹ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ነገር ግን ደጋፊውን ከክለቡ ጋር ያሰረው ከዚህ የሚሰፋ ነው፤ ኳስ ይዞ መጫወት ያስደስተዋል። የቀድሞው ተጫዋችና የደጋፊው ልብ ካሳዬ አራጌ ከ2012 የውድድር ዘመን ጀምሮ ቡድኑን ሲረከብ ይህን ፍቅር ወደ ሥርዓት ሊለውጠው ተነሳ። ኳስ ከግብ ጠባቂው እግር ይጀምር፣ ተከላካዮች ሰፍተው ይቁሙ፣ አማካዩ መሐል ገብቶ ይቀበል። ግብ ጠባቂው ኳሷን ይዞ ሲዘገይ ስንቱ ደጋፊ ፊቱን በእጁ ሸፈነ! ሲሳሳቱ ዋጋው ጎል ነበር።

ያን አጨዋወት ዛሬም እደግፋለሁ። የወደቀባቸውን ቀኖች ወደ ኋላ ሄዳችሁ ብታዩ ችግሩ ከሐሳቡ አልነበረም፤ ሐሳቡ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ ንክኪ ያለው ተጫዋች በየቦታው ስላልነበረ ነው። አሥር ሰው በሩቁ እግሩ ተቀብሎ አንድ ሰው በቅርቡ እግሩ ከተቀበለ ሰንሰለቱ እዚያች ላይ ይበጠሳል። አሠልጣኝ ሐሳብ ማምጣት ይችላል፤ ንክኪን ግን በአብዛኛው በልጅነት የተማረውን ሰው መርጦ ማምጣት ነው ያለው። የዝውውር ሥራ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

ወደ አጥቂ ስንመጣ፣ እኛ ቡናዎች ተበላሽተናል፤ አቡበከር ናስርን አይተናልና። በ2013 የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ በ2009 ለደደቢት 25 ያገባው የጌታነህ ከበደ ነበር። አቡበከር በ2014 ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ «ሁለተኛው አቡበከር» ይፈለጋል። እስኪ ፈላጊዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያውን በቅርብ ይመልከቱት።

አቡበከር ኳስ ይዞ ሲሮጥ እርምጃው አጭር ነው። አብዛኛው የእኛ አገር የመስመር አጥቂ ኳሷን ወደ ፊት ገፍቶ በፍጥነት ይከተላታል፤ ተከላካይ ደግሞ እግሩን የሚዘረጋው ኳስና እግር በተለያዩባት በዚያች ቅጽበት ነው። አቡበከር ያችን ቅጽበት ለማንም አይሰጥም። በየእርምጃው ይነካታል፣ አንዴ በውጭ እግሩ፣ አንዴ በጣቱ ጫፍ፣ ኳሷ ከእግሩ ከአንድ ጫማ በላይ አትርቅም። ተከላካዩ መቼ እንደሚገባ ይጨንቀዋል፣ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እየሸሸ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሲደርሱ አቡበከር ያዘገማል። ይህ መዘግየት ነው ሥራው ሁሉ፤ ተከላካዩ ክብደቱን በተረከዙ ላይ ሲጥል ያ ሰው ከዚያ በኋላ አይዞርም። ምቱ ራሱ ትንሽ ነው፤ እግሩን ወደ ኋላ ብዙ አይስብም፣ ግብ ጠባቂው ምት መምጣቱን የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም። ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ሩቁ ቋሚ ትሄዳለች።

ጌታነህ ፍጹም ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱን ማነጻጸር የምወደውም ለዚህ ነው። ኳስ ይዞ ሰው ማለፍ የእሱ ሙያ አልነበረም። የእሱ ሙያ ቦታ ነው። ተከላካዩን በጀርባው አስደግፎ ክብደቱን ይሸከማል፣ ኳሷ ስትመጣ በአንድ ንክኪ ያሳርፋታል ወይም ሳያሳርፍ ይመታታል። ጥር 2014 ካሜሩን ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ስንወጣ ፍጹም ቅጣት ምቱን ያገባው እሱ ነበር። የ29ኙና የ25ቱ ጎሎች ባለቤቶች በአንድ ሙያ ስም ቢጠሩም ሥራቸው የተለያየ ነው፤ በቁጥር ብቻ የሚገዛ ክለብ ጌታነህን ገዝቶ የአቡበከርን ሥራ ሊያዘው ይችላል። ስለዚህ አጥቂ ስናመጣ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፤ አማካያችን ኳስ ወደ እግር የሚያቀብል ከሆነ አጥቂው በእግሩ የሚቀበል ይሁን፤ ከክንፍ የሚሻገር ኳስ ካለን ደግሞ ሳጥን ውስጥ ትከሻውን መጠቀም የሚያውቅበትን እንፈልግ።

ጋቶች ፓኖምንም ሳላነሳ አላልፍም። ከቡና ተነስቶ በ2009 ክረምት ወደ ሩሲያው አንጂ ማካችካላ የሄደ አማካይ ነው። እርጋታውና ከመሐል ወደ መስመር የሚልካቸው ረጃጅም ኳሶቹ ይታወሱኛል፤ ረጅም ኳስ ሲልክ ኳሷ የምትወድቀው የመስመር ተጫዋቹ በሚሮጥበት አቅጣጫ ፊት ነው፣ ተቀባዩ ሩጫውን አይቀንስም። ዛሬ በሊጋችን ረጅም ኳስ በብዛት ይመታል፤ እንዲህ ተቀባዩን እያሰበ የሚመታው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ፤ የመሐል ተከላካይ ጉዳይ እዚያ ነው ያለው። በክረምት የሰፈር ውድድር የሚካሄድባቸው የኮልፌ ሜዳዎች ከሐምሌ በኋላ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ኩሬ ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ተከላካይ ሁሉ ኳሷን ወደ ሰማይ ይልካታል፤ ማንም አይፈርድበትም። ባለፈው ክረምት ካየኋቸው ልጆች አንዱ ግን ግራ እግሩን የሚጠቀም፣ ቀጠን ያለ የመሐል ተከላካይ ነበር። ኳሷን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ጓደኛውን ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን መሬት ነው። ደረቅ ከሆነ ጠንከር አድርጎ በውስጥ እግሩ ይልካታል። ኩሬ ካለ ግን ከሥሯ ገባ ብሎ በትንሹ ያነሳታል፤ ከጉልበት በላይ አትወጣም፣ ኩሬውን ተሻግራ ከጓደኛው እግር አንድ እርምጃ ፊት ትወድቃለች። ኃይሏ ጭቃው እንዲያቆማት ተደርጎ የተመጠነ ነው። ጓደኛው እግሩን ከማስቀመጥ በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ይህን ደጋግሞ ሲያደርገው ሜዳው ዳር የቆሙት ሰዎች የሚጮኹት ለሌላኛው ተከላካይ ነበር፣ ኳሷን በጭንቅላቱ እየመታ ለሚያርቀው።

የመለኪያ ዓይኔ ያ ልጅ ላይ ተተክሎ ቀረ። እግሩ ብቻ አይደለም የገረመኝ፤ መሬት ማንበቡ ነው። በሊጋችን የመሐል ተከላካይ ሲመረጥ ቁመት ይጠየቃል፣ ልምድ ይጠየቃል። ኳሷን ለተቀባዩ ምቹ አድርጎ መላክ ይችላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙም አልሰማሁም። የአማካዩ ውበት ከተከላካዩ እግር ነው የሚጀምረው፤ ሽመልስን የመሰለ አማካይ አምጥተን ጉልበት ጉልበቱን የምትመታ ኳስ ብንልክለት ግማሽ እርምጃው ምን ይጠቅመዋል?

ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፉ ለእኛ ለደጋፊዎች ትልቅ ነገር ሆነልን። ጨዋታዎች በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ሲካሄዱ፣ ጅማም ሆነ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋም ሆነ ሐዋሳ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ ቁጭ ብለን ቡድናችንን አይተናል። ቴሌቪዥን ግን ኳሷን ነው የሚከተለው። ሽመልስ በትከሻው በኩል ሲያይ፣ ተከላካዩ መሬቱን ሲያነብ፣ አጥቂው ከኋላ ሰው ሲጎትት፣ ካሜራው ሌላ ቦታ ነው። የዝውውር ኮሚቴ ቪዲዮ ብቻ አይቶ ከፈረመ ግማሹን ተጫዋች ሳያይ ፈርሟል። ስለዚህ ሰው ይላክ፤ ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ባለው ከፍተኛ ሊግ የሚጫወቱ ክለቦች ዘንድ፣ ከሰፈራችን ብዙ ወደማይርቀው አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ የወጣት ቡድኖች ወደሚጫወቱባቸው ሜዳዎች። የተላከው ሰውም ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ኳሷን አይመልከት፤ አንዱን ልጅ መርጦ እሱን ብቻ ይከታተል። ያለ ኳስ የሚሠራውን ሲያይ ስለ ሙያው ይበልጥ ያውቃል።

የግብ ጠባቂ ነገር አጭር ነው። ኳስ በእጁ የሚያድን ብዙ አለ፤ ለእኛ አጨዋወት የሚያስፈልገው ኳሷ በእግሩ ሥር ሳለች አጥቂ እየሮጠበት ሲመጣ ትንፋሹ የማይቆረጥ ነው። በሁለቱም እግሩ ያቀብል፤ ሌላው በልምምድ ይመጣል።

የቀረው የውል ነገር ነው፤ በዚህ አጥብቄ እናገራለሁ። ተጫዋቾቻችን በአንድና በሁለት ዓመት ውል ከክለብ ክለብ ይዞራሉ። አማካይና ተከላካይ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ጊዜ ሳይደርስ ነሐሴ ይመጣና ሁሉም ይበተናል። ኳሷ በየትኛው ፍጥነት ብትመጣ እንደሚወድ፣ በየትኛው እግሩ ላይ ብታርፍለት እንደሚቀናው፣ አንድ ጓደኛ ስለ ሌላው የሚማረው በአንድ ዓመት አይደለም። እንግዲህ የዘንድሮ ምኞቴ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ በሁለቱም ትከሻው የሚያይ አንድ አማካይ፣ ሃያ ዓመት ያልዘለለው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቀጥሎ ኳስ ማቀበል የሚችል የመሐል ተከላካይ፣ ከከፍተኛ ሊግም ቢሆን፤ አጥቂው ሁለቱ ከተገኙ በኋላ ይፈለግ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሦስት ዓመት ውል ይሰጣቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት ቢሳሳቱ እኛ መቀመጫው ላይ ሆነን እንታገሳለን፣ ቢያንስ እኔ እታገሳለሁ፤ በሁለተኛው ዓመት ኳሷ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ማየት የምፈልገው ነገር አለና።